የዶክተር ዋትሰን ቁስል፦ ስለ ሼርሎክ ሆልምስ ጥናትና ስለ ማስረጃ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ቁስል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ባወጣው የመጀመሪያው የሼርሎክ ሆልምስ ልብ ወለድ፣ ተራኪው ዶክተር ዋትሰን አፍጋኒስታን ውስጥ ትከሻው ላይ በጥይት እንደ ተመታ ይነግረናል። በ1890 በወጣው በሁለተኛው ልብ ወለድ ግን ቁስሉ እግሩ ላይ ነው።

ተራ አንባቢ «ደራሲው ረስቶት ነው» ብሎ ያልፋል። የሆልምስ ወዳጆች ግን ይህን መልስ በፈቃዳቸው ትተው፣ ከ100 ዓመት በላይ «ጨዋታው» የሚሉትን ጥናት ሲያካሂዱ ኖረዋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሆልምስና ዋትሰን በእውነት እንደ ኖሩ፣ የዋትሰን ትረካም እውነተኛ ታሪክ እንደ ሆነ ይቆጠራል፤ ኮናን ዶይል ደግሞ ጽሑፉን ለአሳታሚ ያደረሰ ወኪል ብቻ ይሆናል። 4ቱ ልብ ወለዶችና 56ቱ አጫጭር ታሪኮችም «ቀኖና» ይባላሉ። ስለዚህ አንዱ ተመራማሪ ዋትሰን ሁለት ጊዜ ቆስሏል ሲል፣ ሌላው አጎንብሶ ሳለ አንዲት ጥይት ሁለቱንም ስፍራ አገኘች ይላል።

የዚህ ጥናት መነሻ ምጸት ነበር። ሮናልድ ኖክስ በ1911 ኦክስፎርድ ውስጥ ባነበቡት ጽሑፍ፣ በዘመኑ የነበሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ሃያስያን የሚሠሩበትን ዘዴ በሆልምስ ታሪኮች ላይ አዋሉት። የፈጠራ ሊቃውንትን ስም እየጠቀሱ፣ የትኞቹ ታሪኮች እውነተኛ የትኞቹ ሐሰተኛ እንደ ሆኑ በታላቅ ቁም ነገር መረመሩ። ተከታዮቻቸው ግን ምጸቱን ወደ ፍቅር ለወጡት። ክሪስቶፈር ሞርሊ በ1934 ኒው ዮርክ ውስጥ የሆልምስ ወዳጆችን ማኅበር መሠረቱ። ደራሲዋ ዶረቲ ሴየርስም ጨዋታው በፍጹም ቁም ነገር እንዲካሄድ፣ ጥቂት ፌዝ እንኳ ከገባበት እንደሚበላሽ አሳሰቡ።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ እኔ የማደንቀው የራሳቸውን የሴየርስን ነው። የዋትሰን ስም ጆን ኤች. ዋትሰን ነው፤ በ1891 በወጣ አንድ ታሪክ ግን ሚስቱ «ጄምስ» ብላ ትጠራዋለች። ሴየርስ፣ «ኤች» የምትለው ፊደል ሃሚሽ የሚለውን ስም ታመለክታለች አሉ፤ ሃሚሽ ደግሞ ጄምስ የሚለው ስም የስኮትላንድ መልክ ነው። ስለዚህ ሚስቱ ባሏን በመካከለኛ ስሙ ታቆላምጠው ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ቅራኔውን ያስታርቃል፤ ከተጻፈው ቃል ሁሉ ጋርም ይስማማል። ይሁን እንጂ ሃሚሽ የሚለው ስም በ60ዎቹ ታሪኮች ውስጥ አንድም ቦታ የለም፤ ባሏን የምታቆላምጥ ሚስትም በሕይወት አልነበረችም። እንግዲህ የምከራከርበት ነጥብ ይህ ነው፦ ማብራሪያ ከጽሑፉ ጋር መስማማቱና ማማሩ ብቻውን እውነት አያደርገውም።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከእናንተ መካከል በዜና መዋዕልና በሌሎች የብራና ጽሑፎች ላይ የምትሠሩ፣ አንድ ንጉሥ በአንድ ወር በሁለት ስፍራ ሲገኝ ታዩ ይሆናል። ያን ጊዜ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይላል፤ ወይ ሁለቱን የሚያስታርቅ ጉዞ ማሰብ፣ ወይ የጸሐፊ ስሕተት ነው ማለት። ሆልምስን በተመለከተ ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን እናውቃለን፤ እዚያ ግን ደራሲውን ጠይቀን ማረጋገጥ አንችልም። ጨዋታው የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ የማስታረቅ ጥበባችን ምን ያህል ርቆ ሊወስደን እንደሚችል ያለ አደጋ ያሳየናል።

ይህን ስል ማስታረቅን ተዉ ማለቴ አይደለም። «ስሕተት ነው» ብሎ መቸኮልም ስንፍናን ሊሸፍን ይችላል። የሆልምስ ወዳጆች አንዲት ቃል ሳይዘሉ የሚያነቡት ጽሑፉን ስለሚወዱ ነው፤ ቅራኔዎቹን ያገኙትም በዚሁ ትጋት ነው። ትጋታቸውን ውረሱ። መፍትሔ ባገኛችሁ ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ ሐሳብ ሐሰት ቢሆን ኖሮ በምን አውቀው ነበር? መልስ ካጣችሁ፣ በእጃችሁ ያለው ገና ሃሚሽ ነው።