ተጨማሪ መረጃ፦ የቤት የኔትወርክ ማከማቻ ከኮምፒውተር ሲሰወር

የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍና መዛግብት በአንድ የኔትወርክ ማከማቻ ያኖረ ሰው፥ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ ኮምፒውተሩ ማከማቻውን ማግኘት ቢሳነው፥ ንብረቴ ጠፋ ብሎ ከመደንገጡ አስቀድሞ አድራሻውን ይመርምር፤ ራውተሩ እንደ ገና ሲነሣ ለየመሣሪያው አዲስ አድራሻ ሊያድል ይችላልና፥ ትናንት 192.168.1.10 የነበረው ዛሬ 192.168.1.14 ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ስለዚህ በራውተሩ ገጽ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ተመልክቶ፥ በፋይል ኤክስፕሎረር የአድራሻ መስመር ላይ \\192.168.1.14 ብሎ ይጻፍ። በስሙ እምቢ ያለው በቁጥሩ ከተከፈተ ማከማቻው ደኅና ነው፤ መድኃኒቱም በራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ነው። ካልተከፈተ ግን ኮምፒውተሩ ለእንግዶች በተለየው ዋይፋይ ላይ አለመሆኑን ያረጋግጥ።

ዕድሜ የጠገበ ማከማቻ ግን የሚሰወርበት ሌላ ምክንያት አለው። ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ተውሳክ ዓለምን ካስጨነቀበት ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፥ ተውሳኩ የተስፋፋበትና አሮጌ ማከማቻ የሚገናኝበት ኤስኤምቢ 1 የተባለው ጥንታዊ ሥርዐተ ግንኙነት አዲስ በሚጫን ዊንዶውስ 10 ላይ ተዘግቶ ይመጣል። ይህን በር መልሶ መክፈት እጅግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የቤቱን መዛግብት ሁሉ ለአደጋ የሚያጋልጥ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይገባም፤ ይልቅስ የማከማቻውን ሶፍትዌር አድሶ ወደ ኤስኤምቢ 3 ማሸጋገር ይሻላል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ደግሞ ያለ የይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን ይከለክላልና፥ በማከማቻው ላይ ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል የራሱን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መፍጠር ያስፈልጋል።