ስድስት ፖስታ ቤት የነበራት ከተማ

በ1910 ኢየሩሳሌም ውስጥ ደብዳቤ ሊልክ ከቤቱ የወጣ ሰው መጀመሪያ መወሰን የነበረበት በየትኛው መንግሥት ፖስታ ቤት እንደሚልክ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋን የሚገዛው የኦቶማን ቱርክ መንግሥት የራሱ ፖስታ ቤት ነበረው። ኦስትሪያ ከ1859 ጀምሮ ሌላ ከፍታለች። ጀርመን በ1900 ተከተለች፤ ፈረንሳይና ሩሲያም በዚያው ሰሞን መጡ፤ ጣሊያን ከሁሉም በኋላ በ1908 ደረሰች። ተደምሮ ስድስት መሆኑ ነው።

በሰው ግዛት የራስን ፖስታ ቤት መክፈት ዛሬ የማይታሰብ ድፍረት ይመስላል። ያን ጊዜ ግን የአውሮፓ መንግሥታት ከሱልጣኑ ጋር የተዋዋሏቸው፣ ካፒቱሌሽን የሚባሉ የቆዩ ውሎች መንገዱን ከፍተውላቸዋል። ቱርኮች ነገሩን አልወደዱትም፤ ለማስቀረት ደጋግመው ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። ሕዝቡም ቢሆን በቱርክ ፖስታ ብዙ እምነት አልነበረውም። ከሩሲያ የመጣ ተሳላሚ፣ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ፣ ከአውሮፓ ዘመዶቹ ገንዘብ የሚጠብቅ አይሁዳዊ፣ ሁሉም የሚያምነውን መርጦ ይልካል።

ከዚያች ከተማ የወጡ ቴምብሮችንና ፖስት ካርዶችን መሰብሰብ በዓለም ዙሪያ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ሰብሳቢው ገንዘብ የሚያወጣው ለወረቀቱ ውበት ብቻ አይደለም። አንዲት ከተማ የማን እንደሆነች ስንቶች እንደተሟገቱባት በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ይነበባል።

ቴምብሮቹን እንያቸው። ኦስትሪያና ጀርመን ብዙውን ጊዜ አገራቸው ውስጥ የሚሠሩበትን ቴምብር ወስደው በላዩ ላይ ዋጋውን በቱርክ ገንዘብ፣ በፓራና በፒያስትር ያትሙበታል። ያው ቴምብር በኢስታንቡልም፣ በቤሩትም፣ በሰምርኔስም ይሸጣል። ስለዚህ ቴምብሩ ብቻውን የኢየሩሳሌም አይባልም፤ የኢየሩሳሌም የሚያደርገው የተመታበት ማኅተም ነው። ሩሲያና ጣሊያን ግን በ1909 የከተማዋን ስም ራሱን ቴምብሩ ላይ አተሙት። ሩሲያ ይህን ያደረገችው በቱርክ ግዛት የከፈተቻቸው ፖስታ ቤቶች 50ኛ ዓመት ሲከበር ነው። እነዚህ የጀማሪን ዓይን ይማርካሉ፤ የአጭበርባሪንም እንዲሁ። ተራ ቴምብር ላይ አንድ ቃል አትሞ በብዙ እጥፍ መሸጥ ቀላል ስለሆነ ሐሰተኛው በየገበያው ሞልቷል። የኢየሩሳሌም ማኅተምም ይጭበረበራል። የማተሚያውን ፊደል በአጉሊ መነጽር አስተያይቶ የማያውቅ ሰው ውዱን ባይነካው ይሻለዋል።

ፖስት ካርዱ ላይ ሐሰቱ ያነሰ ነው፤ ደስታው ግን፣ በእኔ ሚዛን፣ ይበልጣል። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም በጥቅምት 1898 ከተማዋን ሲጎበኙ ሰረገላ እንዲያልፍ በያፎ በር አጠገብ ያለው ግንብ ፈርሶ መንገድ ወጣለት፤ ለጉብኝቱም ብዙ ካርድ ታተመ። ከዚያ ወዲህ የኢየሩሳሌም ካርድ በያይነቱ ጎረፈ። ችግሩ አብዛኛው ካርድ የታተመበት ዓመት የሌለው መሆኑ ነው፤ ሰብሳቢው ዘመኑን ከሥዕሉ ማውጣት አለበት። ያፎ በር ላይ ረጅም የሰዓት ማማ ከታየ ፎቶው የተነሣው በ1908 ገደማና በ1922 መካከል ነው። ማማውን ቱርኮች ለሱልጣን አብዱልሐሚድ ክብር ሠሩት፤ ከተማዋን በኋላ የያዙት እንግሊዞች የጥንቱን ግንብ ያበላሻል ብለው አነሡት። የዐለቱ ጉልላት የሚባለው የሙስሊሞች መቅደስ ጉልላት ወርቃማ ሆኖ ከታየ ደግሞ ካርዱ አሮጌ አይደለም። ጉልላቱ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ በእርሳስ የተሸፈነ፣ የደበዘዘ ግራጫ ነበር፤ የዛሬውን ቀለም ያገኘው እስከ 1964 በዘለቀው እድሳት ነው። ጀርባውም ይናገራል፦ ለአድራሻ ብቻ የተተወና መልእክት የሚጻፍበት ቦታ የሌለው ከሆነ ከ1905 አካባቢ በፊት የታተመ መሆኑ አይቀርም። የዚያን ዘመን ሰዎች ሰላምታቸውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ያጨናንቁታል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቱርክ ውሎቹን ሰርዛ ከጥቅምት 1 ቀን 1914 ጀምሮ የውጭ ፖስታ ቤቶችን ዘጋች። በታኅሣሥ 1917 እንግሊዞች ከተማዋን ያዙ፤ በየካቲት 1918 የጦሩን ስም የያዘ የራሳቸውን ቴምብር አወጡ። በ1920 በዚያው ቴምብር ላይ የአገሩን ስም በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ጨመሩበት። ኅትመቱ የተሠራው ኢየሩሳሌም ውስጥ በግሪክ ኦርቶዶክስ ገዳም ማተሚያ ቤት ነው። ፊደሉ በእጅ እየተለቀመ የተደረደረ ስለሆነ ስሕተቱ ብዙ ነው፤ ሰብሳቢዎችም ፊደል ከፊደል እያስተያዩ ዕድሜያቸውን ይፈጁበታል። በዕብራይስጡ ስም አጠገብ በቅንፍ የገቡት ሁለት ፊደላት ደግሞ «የእስራኤል ምድር» ለማለት የተጻፉ በመሆናቸው ከዐረቦቹ በኩል እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ክስ አስነሡ።

በ1948 ጸደይ ከተማዋ ስትከበብ የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ያሳተማቸው ወረቀቶች እንደ ቴምብር አገለገሉ። ግንቦት 16 የወጡት የመጀመሪያዎቹ 9 የእስራኤል ቴምብሮች «እስራኤል» የሚል ስም የለባቸውም፤ ሲታተሙ የአዲሱ መንግሥት ስም ገና አልተወሰነም ነበርና።

ከዚያ በኋላ ያሉት 19 ዓመታት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አላቸው። ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ጎልጎታና መነኮሳቶቻችን የሚኖሩበት ዴር ሡልጣን ያሉበት አሮጌው ከተማ በዮርዳኖስ እጅ ገባ፤ አፄ ዮሐንስ አስጀምረውት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በእስራኤል በኩል ቀረ። ስለዚህ እስከ 1967 ድረስ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከዴር ሡልጣን የጻፈው ደብዳቤ የዮርዳኖስ ቴምብር፣ ወንድሙ ከደብረ ገነት የጻፈው የእስራኤል ቴምብር ይለጠፍበታል። በመካከላቸው ያለው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው። የውጭ አሳታሚዎች «አቢሲኒያ» እያሉ የሸጧቸው የመነኮሳቶቻችን ካርዶች በየአገሩ ገበያ ይገኛሉ፤ ከባዶው ይልቅ ግን በአማርኛ ተጽፎበት፣ ቴምብርና ማኅተም አርፎበት የተላከ አንድ ካርድ ባገኝ እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለው ካርድ ደግሞ የሚገኘው ከጨረታ ቤት ሳይሆን ከኛው ቤት ነው። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ተሳልመው የተመለሱ አያት ወይም አባት ካሉዎት ሣጥናቸውን ይፈትሹ። ካገኙ ቴምብሩን በውኃ ነክረው አይላጡት፤ ከካርዱ የተለየ ቴምብር የተላከበትን ቀንና ቦታ አብሮ ያጣል። በፕላስተር አያጣብቁት፤ አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል፣ ፀሐይ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ላኪው በሕይወት ካሉም ዛሬውኑ ጠይቀው፣ መቼና ለማን እንደጻፉት በሌላ ወረቀት መዝግበው ከካርዱ ጋር ያኑሩት።