የማይተኩስ ጠብመንጃ ፈቃድ

ፖስተኛው የጎረቤቴን ጥቅል በስህተት እኔ ደጃፍ ጥሎት ሄደ። ላደርስላቸው ብሄድ ሻይ ሳልጠጣ መውጣት የለም አሉኝ። ሰማንያን የተሻገሩ፣ በልቤ እማማ የምላቸው፣ የአየርላንዷ ዊክሎው ገጠር ባልቴት ናቸው። ከምድጃቸው በላይ ያለው ግድግዳ በጭስ ጠቁሯል፤ መካከሉ ላይ ግን ረጅምና ቀጭን ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ ግራና ቀኙ ሁለት የብረት ማንጠልጠያ ተመትቶበታል። ምን ተሰቅሎበት እንደነበር መጠየቅ አላስፈለገኝም። የአያቴ ውጅግራ ከምሰሶው ከወረደ በኋላም ቦታው እንዲሁ ያስታውቅ ነበር።

«የአማቴ ጠብመንጃ ነበር» አሉኝ። «ሰው አልገደለም፤ ቁራ እንኳ አልገደለም። ባለቤቴ በ1972 በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ለፖሊስ አስረከበው። ለአንድ ወር ነው ብለውት ነበር። ያ ወር እስከ ዛሬ አላለቀም።» ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደረሰኙን አውጥተው አሳዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሊለቀኝ አልቻለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1972 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ተገድሏል። የደብሊን መንግሥት የግለሰብ መሣሪያ ታጣቂዎች እጅ እንዳይገባ ሰግቶ፣ ሽጉጦችና ከ.22 ካሊበር በላይ የሆኑ ጠብመንጃዎች ለጊዜው ለፖሊስ እንዲሰጡ በኦገስት አዘዘ። ትእዛዙ ራሱ «ጊዜያዊ ጥበቃ» የሚል ስም ነበረው። ወሩ ሲያልቅ ግን ፈቃዶቹ አልታደሱም፤ ፈቃድ የሌለው ደግሞ መሣሪያውን መልሶ መውሰድ አይችልም። ለግለሰብ ሽጉጥ እንደገና መፈቀድ የጀመረው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ በፍርድ ቤት ክርክር ነው። ከኖቬምበር 2008 ወዲህ ለአዲስ አመልካቾች ያ በር ከጥቂት የስፖርት ሽጉጦች በቀር ተመልሶ ተዘግቷል።

የእማማ ጠብመንጃ ከየት መጣ? በኦገስት 1914 መጀመሪያ ሌሊት ዊክሎው ውስጥ በኪልኩል የባሕር ዳርቻ 600 ያህል ጠብመንጃ ተራግፏል። አማታቸው አንዱን ተሸክመው ወደ ቤት ከገቡት ወጣቶች መካከል ነበሩ። የዚያው ግዢ ሌላው ክፍል፣ 900 ያህሉ፣ ከሳምንት በፊት በጁላይ 26 በጠራራ ፀሐይ ሆውዝ ወደብ ላይ ወርዷል። ሁሉም የ1871 ሞዴል የጀርመን ማውዘር ናቸው፤ 11 ሚሊሜትር፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠሩ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሱ። በአድዋ የጮኸው የእኛ ውጅግራ፣ ማለትም የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ፣ የእድሜም የአፈሙዝ ስፋትም እኩያቸው ነው።

የሆውዙን ጭነት «አስጋርድ» በተባለች የመዝናኛ ጀልባው ያመጣው ደራሲው ኧርስኪን ቻይልደርስ ነው፤ ሚስቱ ሞሊም አብራው ነበረች። በኖቬምበር 1922፣ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ እዚሁ ዊክሎው ውስጥ ከዘመዱ ቤት ተያዘ። የተከሰሰው ያለ ፈቃድ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ይዞ በመገኘቱ ነው፤ ሽጉጧን የሰጠው ከነጻነት ትግሉ መሪዎች አንዱ የነበረው ማይክል ኮሊንስ ነበር። ይግባኙ ገና በእንጥልጥል ሳለ በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ተረሸነ፤ ከመሞቱ በፊት የሚረሽኑትን ወታደሮች አንድ በአንድ ጨብጧቸዋል። ልጁ በ1973 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። ጀልባዋ ዛሬ ደብሊን ውስጥ በኮሊንስ ባራክስ ሙዚየም ትታያለች። ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ያን ሁሉ ጠብመንጃ እንዴት እንደቻለችው አሁንም ይደንቀኛል።

ወደ ሕጉ ልመለስ። መሠረቱ የ1925ቱ የመሣሪያ ሕግ ነው። መደበኛው ፈቃድ ለሦስት ዓመት 80 ዩሮ ይከፈልበታል፤ ሰጪው የአካባቢው የፖሊስ አዛዥ ነው። ችግሩ «መሣሪያ» ለሚለው ቃል የተሰጠው ትርጉም ላይ ነው። አንድ ክፍሉ ጎድሎ ወይም በሌላ ጉድለት ምክንያት መተኮስ የማይችል መሣሪያም በአየርላንድ ሕግ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የመከነውም ከፖሊስ ዓይን አይወጣም። አውሮፓ ደግሞ ሌላ ሸክም ጨመረ። በጃንዋሪ 2015 ፓሪስ ላይ ሰው ከተገደለባቸው መሣሪያዎች መካከል ለድምፅ ብቻ እንዲያገለግሉ ተለውጠው ስሎቫኪያ ውስጥ በሕግ የተሸጡ፣ ኋላም ዳግም ጥይት እንዲተፉ የተደረጉ ነበሩ። ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ የማምከኛው ዘዴ በመላው ኅብረቱ አንድ ሆነ፤ አፈሙዙ ይደፈናል፣ ይበየዳል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ሥጋቱን አልንቀውም፤ የሞቱት ሰዎች ናቸው። «ጥንታዊ» የሚባለው የትኛው እንደሆነ መወሰን ግን ለየአገሩ ተትቷል።

«አፉን ይበይዱት» አሉ እማማ። «ሆዱን በእርሳስ ይሙሉት። እኔ ሰደፉን ነው የምፈልገው። አማቴ የልጆቹን የልደት ቀን በቢላ የቀረጸው ሰደፉ ላይ ነው። የባሌ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። የመቃብሩ ድንጋይ ዝናብ ይመታዋል፤ ያ ግን ቤት ውስጥ ነበር።»

ስሙንም ጣቢያውንም የማልጠቅሰውን አንድ ሹም፣ የ1871 ማውዘር ጥንታዊ ነው ወይስ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዬ ጠየቅሁት። «ማመልከቻ ሲገባ ይታያል» አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ያንኑ ደገመልኝ። በሦስተኛው ጥያቄ ስልኩ ተዘጋ። አኩርፌ ነበር፤ የ2002ቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሳነብ ግን የነገሩ ሥር ገባኝ። ፍርድ ቤቱ አዛዡ እያንዳንዱን ማመልከቻ ለብቻው መርምሮ ራሱ እንዲወስን እንጂ አስቀድሞ በወጣ ደንብ እንዳይመልስ አዟል። አመልካቹን በጅምላ ከመከልከል የጠበቀው ይኸው ውሳኔ፣ አስቀድሞ ቁርጥ ያለ መልስ ማግኘትን ከባድ አድርጎታል። ሕግ አውጪው በግልጽ ሊያሰምረው ይችል የነበረ መስመር ለአንድ ሰው ሚዛን ተትቷል።

በዚህ መሐል አባት ሲሞት ልጆች ፈርተው ውርሱን እንዲቀልጥ ያስረክባሉ፤ አንድ የመሣሪያ ነጋዴ የነገረኝ ይህን ነው።

ባለፈው ወር ከእማማ ጋር ደብዳቤ ጻፍን፤ ጠብመንጃው አሁንም መጋዘን ውስጥ ካለ እንዲመከንና ለእሳቸው እንዲፈቀድ። የመሣሪያውን ቁጥር ከደበዘዘው ደረሰኝ ላይ በአጉሊ መነጽር እያነበቡ ነገሩኝ፤ አንዱ አኃዝ 3 ይሁን 8 ስላልለየ ሁለቱንም ጻፍኩ። ይህ እትም ማተሚያ ቤት እስከገባበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም።