አንድ ካርድ፣ ሁለት ንባብ፤ የቅድመ ወሊድ ክትትል በጨንቻ ደጋ



ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ከ40 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሁለቱም ከተሞች በነፍሰ ጡር እናት የክትትል ካርድ ላይ የሚሞላው ተመሳሳይ ነው፤ የደም ግፊት፣ ሄሞግሎቢን፣ የሽንት ምርመራ፣ ክብደት። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ፣ ካርዱ አንድ ቢሆንም ንባቡ አንድ ሊሆን አይገባም የሚል ነው።

በደም ማነስ እንጀምር። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት፣ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት ሄሞግሎቢኗ በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች የሆነ እናት ደም ማነስ አለባት። በከፍታ ቦታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን በማብዛት ያካክሳል። ስለዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ከተለካው ቁጥር ከ1 ግራም የሚበልጥ ተቀንሶ ነው ከመለኪያው ጋር የሚነጻጸረው። 11.9 የተመዘገበላት እናት አርባ ምንጭ ላይ ከመለኪያው በላይ ስትሆን ጨንቻ ላይ ከመለኪያው በታች ናት።

ሒሳቡ ግን በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አልተለየም። በአንዲስ ደገኞች የታወቀው ጭማሪ በእነርሱ ላይ አልታየም። ጥናቱ የጋሞን ደጋ ስለማይጨምር ቅነሳውን መተው አንችልም፤ ነጠላ ቁጥርንም እንደ መጨረሻ ፍርድ መያዝ የለብንም። የመጀመሪያውን ልኬት ከኋለኛው ማነጻጸር፣ ስለ ድካምና ስለ ትንፋሽ ማጠር መጠየቅ፣ የዓይን ሽፋንንና መዳፍን ማየት፣ ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር የሚታዘዘው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል በእርግጥ መዋጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ወደ ቆላ ወርዳ የሰነበተች እናት ወባ ይዟት ሊሆን ስለሚችል ይህም ይጠየቅ። ደሟ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ሌላዋ የምትቋቋመውን የደም መፍሰስ ላትቋቋም ትችላለች።

ሁለተኛው ጉዳይ የደም ግፊት ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። በአንዲስና በኮሎራዶ ተራሮች ይህ ሕመም ከዝቅተኛ ቦታዎች ይልቅ በብዛት ታይቷል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዕይታ መደብዘዝና ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ብዙዎች ግን መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማቸውም፤ ግፊትን በየክትትሉ መለካት ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በሽታው ሲከፋ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የማግፓይ ጥናት፣ እናቲቱን የሚያንቀጠቅጠውን የኤክላምፕሲያ አደጋ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። መድኃኒቱ የሚያድነው ግን በጊዜው ለደረሰች እናት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ውሳኔ ነው። ከጨንቻ አካባቢ ብዙ ሸማኔዎች አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ይሠራሉ። ባል በሌለበት ሌሊት ምጥ ቢመጣ ወይም ደም ቢፈስ ማን ይወስናል? ማን ይሸከማል? ገንዘቡ ከማን እጅ ነው? ደም የሚለግሰው ማን ነው? መልሱ ዘጠነኛው ወር ሳይገባ ባልም አማትም ባሉበት ተነጋግሮ መጻፍ አለበት። ቤቷ ከመንገድ የራቀ እናት ቀኗ ሲቃረብ በጤና ተቋም አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ ክትትል ያገኙት ከመቶ 74፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 43፣ በጤና ተቋም የወለዱት 48 ነበሩ። በ74ና በ43 መካከል ያሉት እናቶች በራችንን አንኳኩተው ገብተው ነበር፤ ግን እስከ አራተኛው ክትትል አልዘለቁም። እናቲቱ ዳገቱን ዳግመኛ እንድትወጣ የሚያደርጋት በመጀመሪያው ቀን ያገኘችው ትርጉም ያለው ምርመራና አክብሮት ነው። ነገ አዋላጅ፣ ሐኪም ወይም የጤና መኮንን ሆናችሁ ካርዱን ስትይዙ፣ ቁጥሩን ከቦታው፣ ቦታውን ከእናቲቱ ኑሮ ጋር አዛምዳችሁ እንድታነቡ አደራ እላለሁ።