አፍን በብርሃን መለካት

ለፎቶ ይደረጋል፤ እንጀራው ሲቀርብ ግን በመሐረብ ተጠቅልሎ ኪስ ይገባል። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያሠሩ አዛውንቶች ባሉበት ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጥፋቱ ሁልጊዜ የሠሪው ላይሆን ይችላል፤ ጥርስ የሌለውን አፍ ልክ መያዝ ራሱ ከባድ ነውና። ለዚህ ሥራ በቅርብ ዘመን የመጣው መሣሪያ የአፍ ውስጥ ስካነር ይባላል።

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። ጥርስ ሲነቀል ሥሩን አቅፎ የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታና መመንመን ይጀምራል። መመንመኑ በመጀመሪያው ዓመት ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ታልግረን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመችው፣ እስከ 25 ዓመት የዘለቀ ክትትል፣ የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሰፊ ላንቃ ላይ ስለሚያርፍ፣ ጠርዙ አየር ካላስገባ ስስ የምራቅ ሽፋን ብቻ አጣብቆ ይይዘዋል። የታችኛው ግን ጠባብ ድድ ላይ ተቀምጦ ምላስ ከውስጥ፣ ጉንጭ ከውጭ ይገፉታል። ኪስ የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

በነባሩ መንገድ ሐኪሙ አልጂኔት የተባለ የልክ መያዣ ሊጥ በጥብጦ በትሪ ላይ አፍ ውስጥ አስገብቶ እስኪረጋ ይይዛል። ላብራቶሪው በዚያ ላይ ጀሶ ያፈስና የድዱን ቅርጽ ያገኛል። ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ፕፋፍ እ.ኤ.አ. በ1756 ልክን በሰም ወስዶ ጀሶ ማፍሰስን ጽፎ ነበር፤ ሐሳቡ እስካሁን ያው ነው። አልጂኔት ግን ውኃ ያዘለ በመሆኑ ጀሶው ቶሎ ካልፈሰሰበት ይደርቃል፤ ይኮማተራልም። የጥርሱ መቀመጫ የሚሠራበት አክሪሊክም ሲበስል በመጠኑ ይኮማተራል። ትንንሾቹ ስሕተቶች ተደማምረው ድዱን የሚያቆስል ጥርስ ይወጣል። በዚያ ላይ ሥራው በተለምዶ አምስት ያህል ቀጠሮ ይፈልጋል። ከእንጦጦ ዳገት ወይም ከኮተቤ ዳርቻ ታክሲ ተጋፍተው መገናኛ አካባቢ ወዳሉ ክሊኒኮች ለሚወርዱ አዛውንት፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ቀን የሚበላ ጉዞ ነው።

ስካነሩ ከጥርስ ብሩሽ ወፈር ያለ መሣሪያ ነው። ጫፉ ብርሃን ይረጫል፤ በውስጡ ያለው ካሜራ ድዱን በተከታታይ ያነሳል፤ ኮምፒዩተሩም ምስሎቹን ገጣጥሞ የአፉን ቅርጽ ስክሪን ላይ ያወጣል። የዚህን ሐሳብ መነሻ ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ዱሬ እ.ኤ.አ. በ1973 በመመረቂያ ጽሑፉ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ወርነር ሞርማንና ማርኮ ብራንዴስቲኒ ዙሪክ ላይ የመጀመሪያውን ታካሚ ሴሬክ በተባለው መሣሪያ አከሙ። ያ መሣሪያ የተሠራው የተቦረቦረ ጥርስ ለመሙላት ነበር፤ ጥርስ ለሌለው አፍ ማገልገል የመጣው ዘግይቶ ነው።

ልኩ ፋይል ሲሆን ብዙ ነገር ይቀላል። ትሪ ሲገባበት የሚያቅለሸልሸው ሰው ይገላገላል። ክሊኒኩ ልኩን ሩቅ ላለ ላብራቶሪ በኢንተርኔት መላክ ይችላል። ጥርሱ ቀድሞ ከጠነከረ የአክሪሊክ ዲስክ በማሽን ስለሚቀረጽ፣ በማብሰል የሚመጣው መኮማተር አይኖርም። የቀጠሮው ቁጥርም ሊቀንስ ይችላል። ጥርሱ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ፣ ድዱ እስካልተለወጠ ድረስ፣ ከተቀመጠው ፋይል ሌላ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ስካነሩ የሚቸገረው በጣም በሚፈለግበት ቦታ ነው። ኮምፒዩተሩ ምስሎችን የሚገጣጥመው ምልክት እየፈለገ ነው፤ ጥርስ የሌለው ድድ ደግሞ ለስላሳና አንድ ወጥ ነው። ምራቅ ብርሃኑን ያንጸባርቃል፤ የላላ ሥጋ ይንቀሳቀሳል። ከሁሉም በላይ ስካነሩ የሚያየው ያረፈ አፍ ነው፤ ጥርሱ የሚውለው ግን በሚያኝክ፣ በሚስቅና በሚያወራ አፍ ውስጥ ነው። ጠርዙ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚታወቀው ታካሚው ከንፈሩንና ምላሱን ሲያንቀሳቅስ ነው። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ጠርዙን በነባሩ መንገድ በእጅ ይለኩና ያንን ልክ ወይም ጀሶውን ስካን ያደርጋሉ። ለታችኛው መንጋጋ ይህ ድብልቅ መንገድ ከስካነሩ ብቻ ይልቅ ያስተማምናል።

እንግዲህ እናት አባትዎን ሙሉ ጥርስ ለማሠራት ሲወስዱ «ስካነር አላችሁ?» ብቻ ብለው አይመለሱ። ጠርዙ ምላስና ከንፈር እየተንቀሳቀሱ ይለካ እንደሆነ፣ ከተሠራም በኋላ ለማስተካከያ ስንት ጊዜ እንደሚያዩአቸው ይጠይቁ። የላላውን ጥርስ ቤት ውስጥ በሙጫ አይጠግኑ፣ የሚያቆስለውንም በቢላ አይፋቁ። ማታ ማታ ይውለቅ፤ ድዱም በዓመት አንድ ጊዜ ለሐኪም ይታይ። በየትኛውም መሣሪያ ቢለካ አጥንቱ መመንመኑን አያቆምምና፣ ዛሬ ልክ የሆነው ጥርስ ከዓመታት በኋላ እንደገና መስተካከል ይፈልጋል።