የማትሪክ ውጤትዎን ለልጅዎ ነግረዋል?

የሁለተኛ ደረጃ ጓደኞችዎ በቴሌግራም ተፈላልገው ከተሰባሰቡ ወዲህ ስልክዎ እረፍት አጥቶ ይሆናል። አንዱ የደበዘዘ ፎቶ ይለጥፋል፤ ሌላው "ከኋላ የቆመው ማነው?" ይላል። በፎቶው ላይ ዩኒፎርም ለብሰው የተደረደሩት ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ግማሾቹ ሸብተዋል፣ አንዳንዶቹ ልጅ ድረዋል፣ የሌሉም አሉ። ልጅዎ ስልኩን ከትከሻዎ በላይ አይቶ "አንተ ስንት አመጣህ?" ወይም "አንቺስ?" ቢልዎ መልስዎ ምን ይሆን?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ብዙ ወላጆች ግን በሳቅ ያልፉታል፤ አለዚያም ነጥቡን ትንሽ ከፍ አድርገው ይናገራሉ።

አንድ ወረቀት፣ ጥቂት ወንበር

በ1980ዎቹ 12ኛ ክፍል የጨረሱ ሰዎች ማትሪክ ምን እንደነበረ አይረሱትም። ውጤቱ በአምስት ትምህርቶች ተሰልቶ ከ4 ነጥብ ይያዛል። ያቺ ቁጥር ካምፓስ የሚገባውንና ቤት የሚቀረውን ትለያለች፤ ሰፈሩም ያውቃታል።

ዛሬ ለልጆች ሊነገር የሚገባው ግን ሌላም ነገር አለ። በ1990 ዓ.ም. በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት የአዲስ አበባና የአለማያ ብቻ ነበሩ። ጎንደር፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና አዋሳ የነበሩት ኮሌጆች ናቸው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። ስለዚህ ያኔ "ነጥብ አልመጣለትም" የተባለው ሁሉ ሰነፍ አልነበረም፤ ወንበሩም ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሄዳችሁበት መንገድ

እስቲ የክፍል ጓደኞችዎን አንድ በአንድ ያስቧቸው። ካምፓስ የገባው አለ። በመምህራን ማሰልጠኛ አልፎ ገጠር የተመደበና በዚያው ትዳር የያዘ አለ። ቀን እየሠራች በማታው ክፍለ ጊዜ ዲፕሎማዋን፣ ከዓመታት በኋላም ዲግሪዋን የያዘች አለች። በአጎቱ ሱቅ ተቀጥሮ በኋላ የራሱን የከፈተም አይጠፋም።

ዲቪ የደረሰውስ? ሎተሪው የሚጠይቀው 12ኛ ክፍል መጨረስን እንጂ ካምፓስ የሚያስገባ ነጥብ አልነበረም። በመሆኑም ቤት ቀረ የተባለው ልጅ አሜሪካ ገብቶ፣ ታክሲ እየነዳ እህት ወንድሞቹን ያስተማረበት ቤት ብዙ ነው። ወደ ቤይሩትና ዱባይ ሄዳ በሰው ቤት ሠርታ የቤተሰቧን ጣሪያ ያስቀየረችም አለች፤ የራሷን ትዳርና ልጅ ግን ለዓመታት አዘግይታለች።

ተለያይቶ መጥፋትም ቀላል ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተለያየ ጓደኛ ቤት ከቀየረ አድራሻው አብሮት ጠፋ።

ለልጅዎ የሚደርሰው የትኛው ታሪክ ነው?

አብዛኞቻችን ለልጆቻችን የምንነግረው "እኛ በኩራዝ አጥንተን እዚህ ደረስን" የሚለውን ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ግማሽ ነው። መሐሉ የለበትም። ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆሙበት ዓመት፣ ያልወደዱትን የትምህርት ክፍል የተማሩበት ጊዜ፣ ደመወዙ ለቤት ኪራይ አልበቃ ያለበት ወር የለበትም።

ዛሬ ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪዎች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። በየቤቱ ክፍሉን ዘግቶ የተቀመጠ ልጅ ነበር ማለት ነው። ይህ ልጅ እናትና አባቱን የሚያውቃቸው ሳይወድቁ እንደተራመዱ ሰዎች ከሆነ፣ የወደቀው እሱ ብቻ ይመስለዋል። የሪሜዲያል ዕድልም ሆነ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቢቀርብለት እንደ ውርደት ያየዋል።

"ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም" ይባላል። ልክ ነው፤ ያለፈው ክረምት ግን ጣሪያው የት እንደሚያፈስ ያሳያል።

አንድ ምሽት ይውሰዱ

ቅዳሜ ማታ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ ቡናው ቀርቦ ሳለ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው ለልጆችዎ ሦስት ነገር ይንገሯቸው።

የመጀመሪያው እውነተኛው ነጥብዎ ነው። ከፍ ያለ ከሆነ አይደብቁት፤ ዝቅ ያለም ከሆነ አይሸፋፍኑት።

ሁለተኛው ሕይወትዎ የተጣመመበት ወይም የተቃናበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውጤት በወጣበት ቀን ሳይሆን ከዚያ አምስትና አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው።

ሦስተኛው ማን እንደከፈለልዎ ነው። ከእርስዎ ዲግሪ ጀርባ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ሥራ የገባች ታላቅ እህት፣ በሬ ሸጦ የአውቶቡስ ገንዘብ የሰጠ አባት፣ በአንዲት ክፍል ቤቷ ያሳደረችዎ አክስት ትኖር ይሆናል። ልጆችዎ እነዚህን ሰዎች በበዓል ቀን ከመሳም አልፈው ላያውቋቸው ይችላሉ።

ያቺ እህት በሕይወት ካለች ደግሞ በዚያው ምሽት ይደውሉላት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ልጆቹ መሐል ያስቀምጡት፤ እሷ ያኔ ምን መሆን ትፈልግ እንደነበር ይጠይቋት። ምናልባት ይህን ከእርስዎ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ይሆናል።