በመጸው ማለቂያ የጓሮ አትክልትን ከውርጭ ስለ መጠበቅ

ዘመነ ጽጌ አልፎ ኅዳር ሲጋመስ፣ በአዲስ አበባና እርሷን በመሰሉ ደጋ አገሮች የጓሮ አትክልት ለዓይን እጅግ ያማረ ነው። ዝናሙ ቆሟል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ጽጌ ረዳውም አበባውን ገና አልጣለም። ነገር ግን አትክልቱን የሚያጠፋው ይኸው የሰማይ ጥራት ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት፣ ምድር ቀን ከፀሓይ የተቀበለችውን ሙቀት የሚይዝላት መጋረጃ ስለማታገኝ፣ ሊነጋጋ ሲል ውርጭ ይወርዳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባንድ ዓመት በታኅሣሥ፣ ለቤተ ሰቡ የጾም መባያ ይሆናል ብሎ ያሰበውን ቲማቲምና ድንች በአንዲት ሌሊት አጥቷል። ማታ ለምልሞ የታየው ሁሉ ጧት እሳት እንደ ነካው ጠቍሮ ተገኘ። ከፍ ባለው መደብ ላይ የነበሩት ጎመንና ጤና አዳም ግን አንዳች አልሆኑም። ጥፋቱ የባለቤቱ ነበር፤ ለቲማቲሙ የመረጠው ሥፍራ የጓሮው ዝቅታ ነውና። ብርድም እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል።

ስለዚህ የተከበራችሁ እመቤቶች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ከፍ ባለ ቦታ፣ በተለይም ቀን ፀሓይ በሚመታው ግንብ አጠገብ እንዲተከሉ አትክልተኛውን እዘዙት። ውሃም ማታ ሳይሆን ጧት ያጠጣ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይይዛል፤ ቅጠሉም ሳይመሽ ይደርቃል። ሰማይ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ያለ እንደ ሆነ፣ በአራት ችካል ላይ ጆንያ ወይም ሰሌን ይዘርጋ። ልብሱ ቅጠሉን አይንካ፤ ፀሓይ ስትወጣም ይነሣ።

ብዙ ሰዎች በተክል ሥር ገለባ መጐዝጐዝ ለሁሉ መድኃኒት ይመስላቸዋል። ገለባ አፈሩን ከድርቀት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ለጎመንና ለጽጌ ረዳ መልካም ነው። ከውርጭ ግን አያድንም፤ እንዲያውም የምድሩን ሙቀት ከታች ስለሚያስቀረው፣ ብርድ ለሚፈራው ተክል በውርጭ ሰሞን ገለል ቢደረግለት ይሻላል።

ኅዳር 12 ቀን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው። በዚያ ጢስ ውስጥ ግን ደኅናው የረገፈ ቅጠል ሁሉ አብሮ ሲነድ ማየት ያሳዝናል። ቅጠሉ በጓሮ ጥግ ተከምሮ፣ ከፍግ ጋር ተደባልቆ ውሃ እየተረጨ ቢቈይ ለመጪው ተከላ መልካም ብስባሽ ይሆናል።

ውርጭ የመታው ቍጥቋጦ ቢኖር ወዲያው አይቈረጥ። የጠቈረው ጫፍ ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ይሸፍናልና፣ ብርዱ እስኪያልፍ እንዳለ ይቈይ።